ከበሽተኛው ቀድሞ የሚደርስ ደም

ህዳር ላይ ከአጋሮ ወደ ጅማ የሚወስደውን መንገድ የሄደበት ሰው ሽታውን አይረሳውም። በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣው እሸት ቡና ፀሐይ ሲያገኘው የሚያወጣው ጣፋጭና ትንሽ ኮምጠጥ ያለ ሽታ መኪና ውስጥ ድረስ ይገባል። ጊዜው የለቀማ ነው። ሕፃን አዋቂ ሳይል ሁሉም ቅርጫቱን ይዞ ማሳ ይወርዳል፤ ለቀን ሥራ ከሌላ ወረዳ የመጣው ሰው በየመንደሩ ይርመሰመሳል፤ ማታ ማታ እሸት የጫኑ መኪኖች ወደ መፈልፈያው ይሰለፋሉ። አምቡላንሱም በዚሁ መንገድ ነው የሚመላለሰው።

አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መንገዱ ካልተዘጋ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ለጤነኛ ሰው አንድ ሰዓት አንድ ስኒ ቡና አፍልቶ ለመጠጣት እንኳ አይበቃም። ወልዳ ደሟ አልቆም ላላት እናት ግን የሕይወቷ ግማሽ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ መድማት ሕክምና ካላገኘ በ2 ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ከሁለቱ አንዱ ሰዓት መንገድ ላይ አለቀ ማለት ነው። ያውም ከአጋሮ ከተማ ከተነሳች። ከጌራ ወይም ከሰጠማ ገጠር፣ መኪና ከማይገባበት መንደር በቃሬዛ ከወጣች ሒሳቡ ሌላ ነው።

ሆስፒታል ስትደርስ ሌላ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። ከክንዷ ናሙና ተወስዶ የደም ዓይነቷ ይታወቃል። ከዚያ ከማቀዝቀዣው የወጣው ደም ከእሷ ደም ጋር ይስማማ እንደሆነ ላቦራቶሪ ውስጥ ይፈተሻል፤ ይህ ብቻውን አንድ ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። ጊዜ ከሌለ ለማንም የሚሆነው ኦ ኔጌቲቭ ይሰቀላል፤ ካለ። በኢትዮጵያ ከ10 ሰው የአንዱን ያህል እንኳ አርኤች ኔጌቲቭ የሆነ ስለማይገኝ ይህ ደም መቼም ቢሆን በቂ ሆኖ አያውቅም። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ማቀዝቀዣው ውስጥ ደም ሲገኝ ነው። ከሌለስ? ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ይወጣና አስታማሚዎቹን ይጠራል። «ደም ፈልጉ» ይላቸዋል።

ይህቺን ቃል እኔም ሰምቻታለሁ። የአጎቴ ሚስት ወልዳ ስትደማ፣ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ። አራት ነበርን። አጎቴ እጅጌውን ሰብስቦ ከሁላችንም ፊት ቆመ። የእኔ ደም ሲለካ አንሶ ተገኘ። የአጎቴ ታናሽ ወንድም በቅርቡ ወባ ታሞ ስለነበር አይሆንም ተባለ። አራተኛው ዘመዳችን መጠይቁን ሲሞላ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ምን እንደጻፈና ምን እንደደበቀ እስከ ዛሬ አላውቅም። በመጨረሻ ከሌላ ቦታ በበረዶ ሳጥን አንድ ከረጢት ደም መጣ። ሲሰቅሉላት ጠጋ ብዬ አየሁት። ስም አልነበረበትም። ቁጥር፣ የደም ዓይነት፣ የተቀዳበት ቀንና የሚያበቃበት ቀን ብቻ። አንድ የማናውቀው ሰው ከ19 ቀን በፊት፣ እሷ ገና ምጥ ሳይይዛት፣ ለእሷ ደም ሰጥቶ ሄዷል። ልጇ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብቷል።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ስለ ደም ሳስብ የሚመጣብኝ ጉዳይ አንድ ነው፤ የጊዜ ጉዳይ። ደም ከበሽተኛው በኋላ ከተፈለገ ብዙ ጊዜ ዘግይቷል። ቀድሞ መገኘት አለበት። ቀድሞ የሚገኘው ደግሞ ማንም ሳይለምነው፣ ማንም ሳይታመምበት በሚሰጥ ሰው ብቻ ነው።

በአማርኛ ደም የዝምድናና የጠብ ቃል ነው። የቅርብ ሰዋችንን «ሥጋዬ ደሜ» እንላለን፤ የተጣሉ ወገኖች «ደም ተቃብተዋል» ይባላል። በጅማ ዙሪያ ያለው የኦሮሞ ሕዝብም ደም ያቃባቸውን ወገኖች የሚያስታርቅበት ጉማ የሚባል ሥርዓት አለው። ለአንድ ሰው ደሙን መስጠት የዘመዱ ግዴታ ነው ብለን ማሰባችን ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ሕክምናው ግን ዝምድናን አያውቅም። የወንድም ደም ለወንድም ላይስማማ ይችላል፤ ከጎንደር የመጣ መንገደኛ ደም ለአጋሮ እናት ልክ ሊሆን ይችላል። እንዲያውም የቅርብ ዘመድ ደም አልፎ አልፎ ከባድ ችግር ያመጣል፤ ለመውለድ ዕድሜ ላይ ላለች ሚስትም የባሏ ደም ባይሰጣት ይመረጣል፤ ሰውነቷ የሚያመነጨው መከላከያ በኋላ የምታረግዘውን ልጅ ሊጎዳ ይችላልና። ያ ሌሊት አጎቴ ቢሰጥ ኖሮ የእሱ ደም ለሌላ ሰው ቢውል ይሻል ነበር። ይህን የነገረን ግን አልነበረም፤ እኛም አናውቅም ነበር።

የደም ዓይነቶችን ለይቶ ያወቀው ኦስትሪያዊው ካርል ላንድስታይነር ነው። ግኝቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1901 ሲሆን፣ በ1930 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። የተወለደበት ጁን 14፣ በእኛ ሰኔ 7፣ የዓለም ደም ለጋሾች ቀን ሆኖ ይከበራል። በኢትዮጵያ የደም ባንክን የጀመረው ቀይ መስቀል ማኅበር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1969። ለ40 ዓመት ያህል ሥራውን ተሸክሞ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 ኃላፊነቱ ወደ ጤና ሚኒስቴር ተላለፈ፤ ብሔራዊ የደም ባንክ አገልግሎትም በየክልሉ ቅርንጫፎች እየከፈተ ሄደ። ከዚያ በፊት ከሚሰበሰበው ደም አብዛኛው የምትክ ደም ነበር። ለታመመው ሰው የተወሰደውን ደም ቤተሰቡ በሌላ ሰው ደም ይተካል። ዘመድ የሌለውስ? ከሩቅ ወረዳ ብቻዋን የመጣች ሴትስ? ዘመድ ያጣ ሰው ገንዘብ ካለው «ዘመድ» ይገዛል፤ ከሌለው ይጠብቃል።

የምትክ ደም ጉዳቱ ይህ ብቻ አይደለም። አልጋ ላይ የሚያቃስት ዘመድ ያለው ሰው ስለ ራሱ እውነቱን ለመናገር ይቸገራል። መጠይቁ ያለፈ በሽታውን፣ የወሰደውን መድኃኒት፣ የግብረ ሥጋ ግንኙነቱን ይጠይቀዋል፤ እሱ ግን የሚታየው የእህቱ ፊት ነው። ስለዚህ ይደብቃል። የተቀዳው ደም ሁሉ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲና ለቂጥኝ እንደሚመረመር የታወቀ ነው። ይሁንና ተሐዋሲው ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምርመራው የማያየው ጥቂት ጊዜ አለ። ያንን ክፍተት የሚሸፍነው የለጋሹ ሐቀኝነት ብቻ ነው። ማንም ሳያስገድደው የመጣ ሰው የሚደብቅበት ምክንያት የለውም፤ ጥርጣሬ ካለው «ዛሬ ይቅርብኝ» ብሎ ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች ሁሉ ከበጎ ፈቃደኛና ክፍያ ከማይጠይቅ ለጋሽ ብቻ እንዲሰበስቡ የሚወተውተው ለዚህ ነው።

ምርመራውም ቀላል ነገር እንዳይመስለን። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆስፒታሉን ደም ባንክ መዝገብ፣ ከ6 ሺህ በላይ ለጋሾችን ይዞ፣ ፈትሸው እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ከ100 ለጋሾች 2ቱ ገደማ ሄፓታይተስ ቢ ተገኝቶባቸዋል። ከ6 ሺህ ሲሰላ 120 ከረጢት ነው። ላቦራቶሪው ባይኖር 120 በሽተኛ ሊድን መጥቶ ሌላ በሽታ ይዞ ሊመለስ ይችል ነበር። በጉበት በሽታ የሞተ ሰው ያየ ይህን ቁጥር አቅልሎ አያልፈውም።

ደሙ የት ይሄዳል? ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚያስበው የመኪና አደጋን ነው። በሀብታም አገሮች ደም የሚሰጠው በብዛት ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ነው። በድሃ አገሮች ግን፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እስከ 54 በመቶው ደም የሚሰጠው ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ነው። ምክንያቱን በጅማ ዙሪያ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወባ ነው። የወባ ጥገኛ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ሕዋሱን ሰብሮ ይወጣል፤ ወደ ሌላው ይዘላል። የሁለት ዓመት ሕፃን በጥቂት ቀን ውስጥ ደሙ ያልቃል። መዳፉ ነጭ ይሆናል፤ የዓይኑ ሽፋን ውስጡ ይገረጣል፤ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ይገባል ይወጣል። ጤነኛ ሕፃን በዴሲሊትር ከ11 ግራም ያላነሰ ሄሞግሎቢን ሊኖረው ይገባል፤ ከ4 በታች ከወረደ መድኃኒቱ ደም ነው። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ የሚያስፈልገው 200 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። አንድ ሰው የሰጠው አንድ ከረጢት ሁለት ሕፃን ያድናል ማለት ነው።

ወባ በጅማ ዙሪያ አዲስ አይደለም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት በግልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ፣ ከውሃው 3 ኪሎ ሜትር ባልሞላ ርቀት የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ብለው ከሚኖሩት ይልቅ ለወባ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ወባ በአገሪቱ እንደገና ተነስቶ ከታኅሣሥ 22 እስከ ጥቅምት 10 ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው መታመሙና 1,157 ሰው መሞቱ ተመዝግቧል። ትልቁን ሸክም ከተሸከሙት መካከል ምዕራብ ኦሮሚያ ይገኝበታል።

አሁን የቀን መቁጠሪያውን አውጥተን እንመልከት። ቀይ የደም ሕዋስ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢቀመጥ የሚቆየው 35 ቀን ነው። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት 5 ቀን ብቻ። በረዶ የሚሆነው ፕላዝማ ዓመት ይቆያል፤ ግን ደም ያነሰውን ሕፃን ፕላዝማ አያድነውም። ሰኔ 7 የለጋሾች ቀን ሲከበር፣ ባነር ተሰቅሎ፣ ባለሥልጣን ተገኝቶ የተቀዳ ደም ሐምሌ 12 ያበቃል። ወባ ግን የሚበረታው ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም እስከ ህዳር ነው። ቡናው ሲቀላ ማለት ነው።

በዚያ ላይ የአገራችን ደም ከየት እንደሚሰበሰብ እናስታውስ። በብዛት ከትምህርት ቤትና ከዩኒቨርሲቲ ነው። ጅማ በዚህ ዕድለኛ ናት። የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱና የግብርና ኮሌጁ ተዋሕደው በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ወዲህ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ከተማዋ ውስጥ ይኖራሉ። እነዚህ ልጆች እጃቸውን ባይዘረጉ ኖሮ የብዙ እናቶች ቤት ዛሬ ባዶ ይሆን ነበር፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ግን ተማሪ ክረምት ሲገባ አገሩ ይገባል። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ለጋሹም አብሮ ተበተነ። በጾምና በረመዳን ወራትም ለጋሽ ይቀንሳል። ይህን ያህል ሕይወት በተማሪ ትከሻ ላይ ብቻ ማሳረፍ ልክ አይደለም። ጅማ የነጋዴ፣ የቡና አቅራቢ፣ የሾፌር፣ የመምህር፣ የባለ ባጃጅ ከተማ ናት፤ እነሱ ክረምት ከበጋ እዚሁ ናቸው።

ስንት ደም ያስፈልጋል? አንድ አገር መሠረታዊ ፍላጎቱን ለመሸፈን በዓመት ቢያንስ የሕዝቡን ቁጥር 1 በመቶ ያህል ከረጢት ደም መሰብሰብ አለበት የሚል የቆየ መለኪያ አለ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የጅማ ዞን ሕዝብ ወደ 2 ሚሊዮን 486 ሺህ ነበር፤ ከተማዋ ሳትቆጠር። 1 በመቶው ወደ 25 ሺህ ከረጢት ይሆናል። ሲሰሙት ያስፈራል። ግን አንድ ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ፣ በዓመት 4 ጊዜ መስጠት ይችላል። 25 ሺህን ለ4 ስናካፍለው 6,250 ሰው ነው። ከ2 ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ መካከል 6,250 ቋሚ ለጋሽ። ዛሬ ሕዝቡ ከዚያ እጅግ በልጧልና ቁጥሩም ከፍ ይላል፤ ቢሆንም ከአቅማችን በላይ የሆነ ነገር የለበትም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ግን የሚያየው የዞኑን በሽተኛ ብቻ አይደለም። ከቦንጋ፣ ከሚዛን፣ ከበደሌ፣ ከመቱ ጭምር የሚላክለት፣ 15 ሚሊዮን ለሚገመት ሕዝብ የተዘረጋ ሆስፒታል ነው።

ሰው ለምን አይሰጥም? ሰምቻቸዋለሁ። «ደሜ አልቆ እወድቃለሁ»፣ «ይሸጡታል»፣ «መርፌው በሽታ ያመጣል»። አልነቅፋቸውም፤ ያላየው ነገር ማንንም ያስፈራል። ስለዚህ ምን እንደሚደረግ ቀረብ ብዬ ልንገር። በመጀመሪያ ይመዘናሉ፤ ከ45 ኪሎ በላይ መሆን አለብዎት። ዕድሜ ከ18 እስከ 65። የደም ግፊት ይለካል። ቀጥሎ ጣትዎ ይወጋና የደም ጠብታ ይወሰዳል። በብዙ ቦታ ይህ ጠብታ ሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ ይጣላል። እኔ ሁልጊዜ ትኩር ብዬ የማየው ይህን ነው። ጠብታዋ ሰማያዊው ውስጥ ክብ እንደሆነች ለአፍታ ቆማ ቀጥ ብላ ከሰመጠች ደምዎ በቂ ነው፤ ከተንሳፈፈች ወይም መሐል ላይ ካመነታች፣ ይቅርታ፣ ሌላ ጊዜ ይምጡ ይባላሉ። ከዚያ ይጋደማሉ። መርፌው አዲስ ነው፤ ከታሸገበት ፊት ለፊትዎ ይወጣል፤ አንዴ ካገለገለም ይጣላል። ከረጢቱ በሚወዛወዝ ሚዛን ላይ ተቀምጦ፣ ደሙ እንዳይረጋ ከሚያደርገው ፈሳሽ ጋር እየተቀላቀለ ይሞላል። 450 ሚሊ ሊትር፤ ከግማሽ ሊትር ውሃ ፕላስቲክ ያነሰ ነው። 10 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ለስላሳና ብስኩት ይሰጥዎታል፤ ጥቂት አረፍ ብለው ይሄዳሉ። ሰውነት ፈሳሹን በአንድ ሁለት ቀን ይተካዋል፤ ቀይ ሕዋሱን ለመተካት ሳምንታት ያስፈልጉታል፤ ሦስት ወር የሚባለውም ለዚህ ነው።

ለቡና አገር ሰው የምጨምረው አንድ ነገር አለ። ቡና ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጣ ሰውነታችን ከምግቡ ብረት እንዳይወስድ ይከለክላል። ብረት ደግሞ ደም የሚሠራበት ነው። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ማንም አይከለክለንም፤ ከምሳ በኋላ ዘግየት ቢል ግን ለለጋሽም፣ ለነፍሰ ጡርም ይጠቅማል። በባዶ እግር ማሳ የሚውል ለቃሚም ጫማ ቢያደርግ መልካም ነው። በእግር ቆዳ በኩል የሚገባው የአንጀት ትል ከሚያሳጣን ነገር የመጀመሪያው ደም ነው።

ብዙ መልካም ሥራ ተሠርቷል። በአገር ደረጃ የእናቶች ሞት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100 ሺህ በሕይወት ከሚወለዱ 871 ነበር፤ በ2016 ወደ 412 ወርዷል። በጎማ፣ በሰቃ ጨቆርሳና በቀርሳ ወረዳዎች የጅማ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳ ተመራማሪዎች ጋር የእናቶች ማቆያን ለማጠናከር ሠርቷል። ነፍሰ ጡሯ ምጧ ሳይመጣ ጤና ጣቢያ አጠገብ ታድራለች፤ መንገዱን ቀድማ ትጨርሰዋለች። ርቀቱን ቀደምነው። ደሙን ግን ገና አልቀደምነውም።

ቀድሞ ማዘጋጀትን ደግሞ ከማንም መማር አያስፈልገንም። እድር አለን። በጅማም ሆነ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትም ሆነ በሰርቦ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በየወሩ ያዋጣል። ማን እንደሚሞት አያውቅም፤ መቼ እንደሚሞትም አያውቅም። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ ወንበሩ፣ ገንዘቡ ግን ሞት ከመምጣቱ በፊት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሞት ደርሶ ከመጣ በኋላ ድንኳን ግዙ የሚል እድር አላየሁም። ለቀብር ይህን ያህል ቀድመን የምናስብ ሰዎች ለመዳንም ቀድመን ማሰብ አያቅተንም።

የእድር ዳኞች ሆይ፣ ልመናዬ ለእናንተ ነው። በሚቀጥለው የወር ስብሰባችሁ አንድ አጀንዳ ጨምሩ። በዓመት 4 እሑድ ምረጡ፤ አንዱ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ተማሪው ሳይመለስ፣ ወባው ሳይበረታ ይሁን። ከአባሎቻችሁ መካከል ዕድሜና ጤና የሚፈቅድላቸውን መዝግቡ፤ ያላመመው፣ ያላረገዘች፣ የማታጠባ። ጅማ ላይ የደም ባንክ አለ፤ ባለሙያዎቹን ጥሯቸው፤ አልጋቸውን ይዘው ይመጣሉ። እናንተ የምታዘጋጁት የእድሩን ድንኳንና ወንበር ብቻ ነው።